የሲሚንቶ ስንጥቅና የውሃ ፍሳሽ በቤት ዙሪያ እንዴት ይጠገናል? ለጎጃም ዝናብና አፈር የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

የቤት ጥገና አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ፍሳሹ በሚታይበት በሐምሌ መሥራት አይቻልም፣ መሥራት በሚቻልበት በኅዳር ደግሞ ፍሳሹ የለም። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈል። በክረምት ማየት፣ መለካትና በእርሳስ ምልክት ማድረግ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጠገን። በዚያ ወቅት ዝናቡ አቁሟል፣ ግድግዳው ግን ገና አጥንቱ ድረስ አልደረቀም፣ ፀሐዩም እንደ መጋቢት አዲስ ሲሚንቶ አያቃጥልም።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ስንጥቁን ደፍኖ ውሃውን መተው ነው። ስንጥቁ የሚታይበት ቦታና ውሃው የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ከማባከን በፊት ዶማ ይዞ በቤቱ ዙሪያ ያለውን አፈር ማስተካከል የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስንጥቁን መመርመር

ስፋቱን በግምት አይናገሩ። የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካርዱ የማይገባበት ስንጥቅ ቀጭን ነው፣ የሚገባበት ግን ተቦርቡሮ መሞላት አለበት። 5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይም የግድግዳው ሁለት ወገን በእጅ ሲዳሰስ አንዱ ከሌላው ወጣ ያለ ከሆነ፣ ከመጠገን በፊት መሐንዲስ ቢያየው ይሻላል።

በልስን ላይ እንደ መረብ ተሰራጭቶ የሚታይ ፀጉር መሰል ስንጥቅ የሚያስፈራ አይደለም። ልስኑ ሲሚንቶ በዝቶበታል ወይም ውሃ ሳይጠጣ ደርቋል ማለት ነው። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩት። ድምፁ ድፍን ከሆነ በቀጭን የሲሚንቶ ቅብ ይድናል፤ ባዶ ቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከግድግዳው ለቋል፣ መነሳት አለበት። የለቀቀ ልስን ላይ የሚደረግ ጥገና ከነልስኑ ይወድቃል።

ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣ፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ የመሠረት ጉዳይ ነው። የትኛው ወገን እንደሰመጠ ራሱ ስንጥቁ ይናገራል። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ከጠበበ የቤቱ ጫፍ ወርዷል፤ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ ከጠበበ መሃሉ ወርዷል። በኮለን (በኮንክሪት ምሰሶ) እና በብሎኬት መካከል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ግን ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ የሚፈጠር ነው፤ መልኩን ያበላሻል እንጂ ቤት አይጥልም።

ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል?

የጥገናው ዓይነት የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ ቀለሙንና አቧራውን አጽድተው ስንጥቁን አሻግረው 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጀሶ ይለጥፉበት፣ ቀኑንም ይጻፉበት። ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይበጠሳል። ውጭ ጀሶ በዝናብ ስለሚሟሟ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር መትተው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየወሩ ይለኩ።

አንድ ወር ማየት አይበቃም፤ ምክንያቱ አፈሩ ነው። በቢቸና፣ በደጀንና በሌሎች የምሥራቅ ጎጃም ሜዳዎች ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ላዩ ያለው ቤትም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በሚያዝያ ሰፍቶ በነሐሴ ይጠባል። በሚያዝያ በማይለጠጥ ሲሚንቶ ቢሞሉት ክረምት ሲገባ አፈሩ አብጦ ግድግዳውን ይገፋዋል፤ መውጫ ያጣው ግፊት ጎኑን ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል። በነሐሴ ቢሞሉት በየካቲት መልሶ ይከፈታል። መፍትሔው ተለጣጭ ማሸጊያ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በመራዊ፣ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ያለው ቀይ አፈር ይህን ያህል አያብጥም፤ እዚያ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የጣሪያ ውሃ ነው።

በዋልካ ላይ ያለ ቤት ጥግ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍም ሊታሰብበት ይገባል። በበጋ ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት ስለሚመጠው ያ ጥግ ከሌላው ቀድሞ ይወርዳል። የዛፉን ቁመት ያህል መራቅ ጥሩ መለኪያ ነው። ግቢው ጠቦ ይህን ማድረግ ካልተቻለ ከቤቱ አጠገብ ያለውን በየጊዜው አሳጥሮ መቁረጥ ይረዳል።

ከስንጥቁ በፊት ውሃውን

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,800 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ በርሜል ሙሉ ውሃ፣ ከጣሪያው ጠርዝ መሠረቱ ሥር ይወርዳል። አሸንዳ ካለ በየሜትሩ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ተዳፋት ይኑረው፣ መውረጃ ቱቦውም ውሃውን ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል አርቆ ይድፋ። አሸንዳ ከሌለ ጠብታው በሚያርፍበት መስመር ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር፣ መውጫም ይኑረው። ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ሞልቶ ውሃውን እዚያው ማስረግ መሠረቱን በእጅ እንደማጠጣት ነው፤ ውሃው ከግቢ መውጣት አለበት።

በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ለመጀመሪያው አንድ ሜትር ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል። ሲሚንቶ የሚፈስበት ከሆነ ስፋቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በየ1.5 ሜትሩም ይቆረጥ። እርስዎ ካልቆረጡት ራሱ በፈለገበት ይቆረጣል። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር በሲሚንቶ ሳይሆን በተለጣጭ ማሸጊያ ይዘጋ። አብዛኛው ውሃ ወደ መሠረት የሚገባው በዚያች መስመር ነው።

ግድግዳው የረጠበው ከውጭ በሚገባ ውሃ ይሁን ወይስ በክፍሉ ውስጥ ባለ እንፋሎት ካልታወቀ፣ ወፍራም ፌስታል ቀድደው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ግድግዳው ላይ ያድርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉ። በማግስቱ ጠብታው ከፌስታሉ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ካለ ውሃው ከግድግዳው የመጣ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን ችግሩ አየር ማጣት ነው፤ መስኮት መክፈት ይበቃል። ከወለሉ ተነስቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ነጭ ዱቄት የሚያወጣ እርጥበት ደግሞ ከመሬት የሚሳብ ነው። ጣና ዳር ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ይህ ይበዛል። ላዩን መለሰን አያቆመውም፣ ከፍ ብሎ እንዲወጣ ብቻ ያደርገዋል።

ዕቃና ድብልቅ

የሚያስፈልጉት፦ መዶሻና መሮ (ግራይንደር ካለ ሥራው ይፈጥናል)፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የቀለም ብሩሽ፣ ካዞላ (የግንበኛ ማንኪያ)፣ ትንሽ የእንጨት ማለስለሻ፣ ጓንት፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚሰማው ዘግይቶ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ለረጅም ጊዜ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ሲሚንቶ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ። ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ቶሎ ይጠነክራል፤ ለትናንሽ ጥገና ተመራጭ ነው። ፒፒሲም (ፖዞላና የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት) ይሠራል፣ ግን ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ ረዘም ላለ ጊዜ ውሃ ማጠጣት ይፈልጋል። ከረጢቱ ተከፍቶ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ከሆነ እጅዎን ያስገቡበት። በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ጓል ችግር የለውም፤ የማይፈርስ ጠጠር ካለበት ሲሚንቶው እርጥበት በልቷል፣ ለጥገና አይሆንም።

አሸዋው ከሲሚንቶው በላይ ጥገና ያበላሻል። የወንዝ አሸዋ ሆኖ አፈር የበዛበት በየቦታው ይሸጣል። ቀላል ፈተና አለ፦ ጎኑ ቀጥ ያለ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያህል አሸዋ ይጨምሩ፣ ውሃና አንድ ማንኪያ ጨው ጨምረው አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ይነቅንቁና ለሦስት ሰዓት ይተዉት። ከአሸዋው ላይ የተኛው የጭቃ ድርብ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው መታጠብ አለበት። በኢትዮጵያ ደረጃ የሚፈቀደው የደለል መጠን 6 ከመቶ ነው። ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይንፉት።

ድብልቁ ለስንጥቅ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ነው፤ ውሃ ለሚይዝ ነገር አንድ ለሁለት። በአካፋ ሳይሆን በአንድ ዓይነት ጣሳ ይለኩ። ለአምስት ሜትር ስንጥቅ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተደርጎ ከተቦረቦረ፣ 2 ሊትር ድብልቅ ይበቃል። ይህም ሲሚንቶ 0.7 ሊትር (አንድ ኪሎ ያህል)፣ አሸዋ 2 ሊትር፣ ውሃ ደግሞ ከግማሽ ሊትር በታች ማለት ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ውሃው ይቀንሳል። በጓንት ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን የሚይዝ፣ ግን በጣትዎ መካከል ውሃ የማያፈስ ድብልቅ ትክክል ነው። ለመለሰን ይመች ዘንድ ውሃ መጨመር የሁሉም ስህተት ነው፤ ትርፉ ውሃ ሲተን ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ሲሚንቶውም ይኮማተራል። የተዘጋጀው ድብልቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቅ። መጠንከር ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ጥንካሬውን ይገድለዋል።

ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚሸጠው ወተት የመሰለ ማያያዣ ፈሳሽ አዲሱን ከአሮጌው ያጣብቃል። ሲገዙ ለውጭና ለእርጥብ ቦታ የሚሆን መሆኑን ይጠይቁ። የአናጢ ነጭ ኮላ (ቪናቪል) መልኩ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ውሃ ሲያገኘው ስለሚለሰልስ ለፍሳሽ ጥገና አይሆንም።

ያልተንቀሳቀሰ ስንጥቅ፦ ዋናው ሥራ

1. ስንጥቁን ተከትለው 2 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቦርቡሩ፣ በሁለቱም ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፉት። የቦይው ጎን ቀጥ ያለ፣ ከተቻለም ከላይ ጠብቦ ከታች ሰፋ ያለ ይሁን። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሾለ ቦይ መቦርቦር ይቀላል፣ ግን ጠርዙ ላይ የሚያርፈው ሲሚንቶ ወረቀት ያህል ስለሚሳሳ መጀመሪያ የሚነሳው እርሱ ነው። በግራይንደር ሁለት ትይዩ መስመር ቆርጦ መሃሉን በመሮ ማውጣት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ፌሮ (በኮንክሪት ውስጥ ያለ ብረት) ከነኩ ያቁሙ፤ ስለ እርሱ መጨረሻ ላይ ተጽፏል።

2. በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉ፣ አቧራውን በፓምፕ ወይም በቱቦ ንፉት፣ በመጨረሻ በውሃ ይጠቡት። በእጅ ሲነኩት ነጭ ዱቄት ከያዘ አልጸዳም። ተነቅሎ እንዳለ የሚወጣ ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ አቧራ ነው።

3. ከሥራው ቀደም ባለው ቀን ሦስት አራት ጊዜ ውሃ ያጠጡት። ደረቅ ሲሚንቶ ከአዲሱ ድብልቅ ውሃውን ይመጥበትና ሳይጠነክር ያደርቀዋል። ሊሞሉት ሲሉ ግን የቆመ ውሃ አይኑር፤ እርጥብ ሆኖ የማያብረቀርቅ መሆን አለበት።

4. ሁለት እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ውሃና ማያያዣ ፈሳሽ በጥብጠው እንደ ወፍራም አጥሚት ሲሆን በብሩሽ የቦይውን ግድግዳ ሁሉ ይቀቡ። በአንድ ጊዜ መሙላት ከሚችሉት በላይ አይቀቡ። ከደረቀ ማያያዣ መሆኑ ቀርቶ መለያያ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፍቆ እንደገና መቀባት ነው።

5. ቅቡ ገና እርጥብ ሳለ ድብልቁን በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱን 1 ሴንቲ ሜትር፣ በእንጨት ጫፍ አጥብቀው እየጠቀጠቁ ይሙሉ። ካዞላ ላዩን ያስተካክላል እንጂ ሥሩን አይሞላም።

6. አውራ ጣት ሲጫኑት ስስ ምልክት ብቻ ሲተው በእንጨት ማለስለሻ ያስተካክሉት። ሊሾ ለማስዋብ እንደሚደረገው ደረቅ ሲሚንቶ ላዩ ላይ አይነስንሱ። የሚያብረቀርቅ ገጽ ይሰጣል፤ ከወራት በኋላ ግን ያ ስስ ንብርብር ተሰንጥቆ ይላጣል።

7. በማግስቱ ማለዳ ጀምሮ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ላዩ ላይ ፌስታል ያድርጉ፣ ለሰባት ቀን እንዳይደርቅ ይጠብቁ። ፒፒሲ ከሆነ አሥር ቀን። የኅዳር ንፋስ ፀሐይ ባይኖርም ሲሚንቶ ያደርቃል፤ ጠዋትና ማታ አንድ ጣሳ ውሃ መድፋት ብቻውን ማጠጣት አይባልም።

ከተበላሸ ምክንያቱ በመልኩ ይታወቃል። በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን መስመር ከወጣ አሮጌው ሲሚንቶ አልራሰም ነበር። ላዩ ሲፈተግ ዱቄት ከሆነ ውሃ በዝቷል ወይም ቶሎ ደርቋል። መሃል ለመሃል ከተሰነጠቀ ወይ ሲሚንቶ በዝቷል፣ ወይ ስንጥቁ ከመጀመሪያውም ቆሞ አልነበረም።

ካርድ የማያስገባ ቀጭን ስንጥቅ ይህን ሁሉ አይፈልግም። በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ ከራሰ በኋላ በማያያዣ ፈሳሽ የተበጠበጠ ሲሚንቶ በብሩሽ እየፈተጉ ማስገባትና በማግስቱ መድገም ይበቃል። ስቱኮና ጀሶ ለውስጥ ግድግዳ እንጂ ለውጭ አይሆኑም።

የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ

እዚህ ፖሊዩሪታን የሚባለው ተለጣጭ ማሸጊያ ያስፈልጋል። ሲሊኮን ርካሽ ነው፣ ግን አቧራማ ሲሚንቶን አጥብቆ አይይዝም፣ ቀለምም አይቀበልም። ቦይውን 12 ሚሊ ሜትር ስፋት አድርገው ይቁረጡ፣ ውስጡ የስፖንጅ ገመድ ወይም የተጠቀለለ ፌስታል ከትተው ላዩ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብቻ ይተዉ። ገመዱ የሚገባው ማሸጊያው ከሁለቱ ጎኖች ብቻ እንዲያያዝ ነው፤ ከሥርም ከተያያዘ መለጠጥ አቅቶት ይቀደዳል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቱቦ በዚህ መጠን 4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከሲሚንቶ ጥገና በተቃራኒ እዚህ ገጹ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ዋልካ ላይ ላለ ቤት ጥሩው ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ስንጥቁ በሰፊውና በጠባቡ መካከል ላይ ስለሚሆን ማሸጊያው ወደ ሁለቱም ወገን የሚሄድበት ቦታ ያገኛል።

በኮለንና በብሎኬት መካከል ላለው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ልስኑን በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ 10፣ 10 ሴንቲ ሜትር አንሱና የዶሮ ሽቦ በሚስማር አጥብቀው ወጥረው ይምቱ፣ ከዚያ በሁለት ዙር ይለስኑ። ሽቦው ከግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ፈንጠር ቢል ልስኑ ከኋላውም ገብቶ ይይዘዋል።

የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን

በጎጃም ከተሞች ብዙ ቤት ከውጭ ሲሚንቶ፣ ከውስጥ እንጨትና ጭቃ ነው። ሲሚንቶ ጭቃን አይይዝም፤ ጭቃው እርጥበት ሲለዋወጥ ይነፋል፣ ይኮማተራል፣ ሲሚንቶው ደግሞ ደርቆ ይቆማል። በስንጥቁ የገባው ውሃም በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ ስለሚያጣ ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል። ልስኑ ከላይ ደህና መስሎ እንጨቱ ከሥር ያለቀበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ የተነፋውን ልስን አንስተው ጭቃው እስኪደርቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይተዉት። እንጨቱን በመሮ ጫፍ ይውጉት፤ እንደ ቡሽ ከገባ ያ እንጨት ይቀየራል። የጭቃውን ስንጥቅ በጭቃ እንጂ በሲሚንቶ አይሙሉ። የጤፍ ጭድ የገባበት፣ በየቀኑ እየተረገጠና ውሃ እየጠጣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የቦካ ጭቃ ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። ቦታውን አርሰው አጥብቀው ይምረጉት፣ ሲደርቅ የሚወጣውን ቀጭን ስንጥቅ በሁለተኛ ስስ ምርጊት ይዝጉ። ከላይ ሲሚንቶ ማድረግ ግድ ከሆነ የዶሮ ሽቦ ከእንጨቱ ጋር (ከጭቃው ጋር አይደለም) በሚስማር ተመትቶ ይለሰን፤ ከመሬት በላይ ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ግን ውሃ እንዳይስብ ድንጋይ ቢሆን ይመረጣል።

ሶሌታና የኮንክሪት አሸንዳ

የሶሌታ (የጠፍጣፋ ኮንክሪት ጣሪያ) ፍሳሽ ከታች በሚታይበት ቀጥታ ላይ አይፈለግም፤ ውሃ በኮንክሪቱ ውስጥ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። የመውረጃውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፍነው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያቁሙና አንድ ቀን ይጠብቁ። ከዚያ በላይ አይሙሉ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ነው። ሰፊ ከሆነ በአሸዋ ከልለው በክፍል በክፍል ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መውረጃ ቱቦው ከኮንክሪቱ ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ ወይም ሶሌታው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጥግ ነው።

ስንጥቁን በፖሊዩሪታን ዘግተው ሲደርቅ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፋይበር ጨርቅ በሁለት የውሃ መከላከያ ቅብ መካከል ያስቀምጡ። ሬንጅ ከተጠቀሙ ፀሐይ በጥቂት ዓመት ስለሚያደርቀውና ስለሚሰነጥቀው ላዩን ነጭ ወይም የአሉሚንየም ቀለም ይቀቡት። ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታ ካለ ቅብ ብቻውን አያድነውም፤ በሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት መስጠት ያስፈልጋል። መውረጃዎቹ ደግሞ በየዓመቱ በግንቦት ከቅጠልና ከአሸዋ ይጽዱ።

የውሃ ማጠራቀሚያ

መፍሰሱን በመለካት ያረጋግጡ። የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርገው ውሃ ሳይቀዱ አንድ ቀን ይተዉት። 2 በ2 ሜትር በሆነ ማጠራቀሚያ 1 ሴንቲ ሜትር መውረድ 40 ሊትር ማጣት ነው። ክፍት ከሆነ ከጎኑ በባልዲ ውሃ ያስቀምጡ፤ ባልዲውም እኩል ከወረደ ፀሐይ ነው የወሰደው። ውሃው ወርዶ የሚቆምበት ከፍታ ስንጥቁ ያለበት ከፍታ ነው፤ ዙሪያውን በዚያ መስመር ይፈልጉ።

ጥገናው ከውስጥ ይሁን፤ ውሃው ራሱ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ከውጭ የተለጠፈ ግን በዚያው ግፊት ይነሳል። ስንጥቁ ከላይ እንደተባለው ከተሞላ በኋላ አንድ ለሁለት በሆነ ድብልቅ በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱን 1 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛውን በማግስቱ ይለስኑ። የወለልና የግድግዳ ጥግ ሹል ሳይሆን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ይሁን። ለመጠጥ ውሃ ከሆነ ሬንጅም የተራ ቀለምም አይገባበትም፤ ሰባት ቀን ረጥቦ ከቆየ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ይደፋ፣ የአዲስ ሲሚንቶ ውሃ ኖራ ኖራ ይላልና።

የፒቪሲ ቱቦ በግድግዳው በሚያልፍበት ከፈሰሰ ምክንያቱ ሲሚንቶ ለስላሳ ፕላስቲክ አለመያዙ ነው። ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ይቦርቡሩ፣ ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፣ የቱቦ ማጣበቂያ ቀብተው ደረቅ አሸዋ ይነስንሱበት። ሲደርቅ አሸዋው እንደ ጥርስ ሆኖ ሲሚንቶውን ይይዛል። ማጣበቂያው ደረቅ ቱቦ ስለሚፈልግ ውሃው አስቀድሞ ይዘጋ።

ከመሬት ውሃ እየገፋ በሚገባበት ስንጥቅ ተራ ሲሚንቶ ታጥቦ ይሄዳል። በሦስትና አምስት ደቂቃ የሚጠነክረው ሲሚንቶ በትንሽ በትንሹ ተቦክቶ፣ መሞቅ ሲጀምር በመዳፍ ተገፍቶ እስኪጠነክር ይያዝ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ከሆነ ግን ማንም ብቻውን አይግባ፣ ክብሪትም አይጫር። በውስጡ ያለው ጋዝ ሽታ ሳይሰጥም ሰው ይጥላል፤ ለማውጣት የገባውንም ይጨምራል።

የዛገ ፌሮ

ኮለን ወይም ቢም (አግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚ) ላይ ፌሮውን ተከትሎ ቡናማ ውሃ የሚያወጣ ስንጥቅ ካለ፣ ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ አብጦ ኮንክሪቱን ገፍቶታል። ላዩን መድፈን ዝገቱን ከመሸፈን አያልፍም። የላላውን ኮንክሪት ከፌሮው ኋላ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪከፈት ያንሱ፣ ብረቱን በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ይፈትጉ፣ የዝገት መከላከያ ይቀቡ፣ ከዚያ በማያያዣ ፈሳሽ በተበጠበጠ ድብልቅ ይሙሉ። ከፌሮው በላይ ያለው ሽፋን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ፌሮው ከውፍረቱ የጎላ ነገር ካጣ፣ ወይም ከአንድ ክንድ በላይ ርዝመት ከተጋለጠ፣ ኮለኑን ሳያስደግፉ አንድም ቁራጭ ኮንክሪት አያንሱበት፤ ሥራው ከዚያ በኋላ የመሐንዲስ ነው።